ሳትበላ አይነገራትም

አቶ ምንይችል ጓዴ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሠላሳ ስምንት የቋንቋ ትምህርት ክፍሎችን ዘግቷል፤ አንድም ሰው ግን አልረገመውም። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የሰውን ሥራ ቀምቶ ሲያበቃ በዚያው ሰው "እግዜር ይስጥልኝ" ተብሎ እስከ በር መሸኘት ተሰጥኦ ይጠይቃል፤ ምንይችል ደግሞ ተሰጥኦው ነበረው። መሥሪያ ቤቱ "ቃል አድራሽ" ይለዋል። እናቱ በሕይወት ሳሉ ጎረቤት "ልጅዎ ምን ይሠራል?" ሲላቸው "መርዶ ነጋሪ ነው" ይሉ ነበር፤ እውነታቸውን ነው።

የትኛው ክፍል እንደሚዘጋ የሚወስነውን ክለሳ የሚሠራው መዛኝ የሚባል ማሽን ነው። መዛኝ ተማሪ ይቆጥራል፣ ጠቀሜታ ይለካል፣ ነጥብ ይሰጣል፣ ይወስናል። ሰው አያስፈልገውም፤ ሻይም አይጠጣም። ጣጣው የመጣው ከውሳኔው በኋላ ነው። አንድ የክፍል ኃላፊ "ማሽን የነገረኝን እንደሰማሁ አልቆጥረውም" ብለው ፍርድ ቤት ሄዱና ረቱ። ከዚያ ወዲህ ሕጉ እንዲህ ይላል፦ ውሳኔው በተላለፈ በሦስት ቀን ውስጥ ሰው ለሰው፣ ፊት ለፊት፣ በገዛ አፉ ይንገር፤ የተነገረውም ሰው "ሰምቻለሁ" ይበል። በሦስት ቀን ካልተነገረ ውሳኔው ይሰረዛል፤ የተወሰነበት ነገር ሰባት ዓመት ሙሉ አይነካም።

የቋንቋ ትምህርትን ለዚህ ያበቃችው ሹክ ናት። ሹክ የምስር ፍሬ ታህላለች፤ ከጆሮ ውስጥ ትቀመጣለች። ቱርኩ በቱርክኛ ይናገራል፣ አንተ በአማርኛ ትሰማለህ፤ አንተ በአማርኛ ትመልሳለህ፣ እሱ በቱርክኛ ይሰማል። ተሳስታ አታውቅም። ሕፃን ሲወለድ እትብቱ ሳይደርቅ ትገባለታለች፤ ሽማግሌ ሲሞት መጨረሻ የምትወጣው እሷ ናት። ታዲያ በዚህ ዘመን አራት ዓመት ሙሉ ፈረንሳይኛ ልማር የሚል ሰው ሲገኝ ዘመድ ተሰብስቦ ጠበል ይወስደዋል።

ምንይችል በሥራው መጀመሪያ ሰሞን አንድ ስህተት ሠርቷል። ለአንድ የዓረብኛ ፕሮፌሰር ጧት በባዶ ሆዳቸው ብቻውን ገብቶ ነገራቸው። ሰውየው "ሰምቻ" ብለው ሳይጨርሱ ወደቁ፤ ግንባራቸው ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ተገናኘ። እናቱ ይህን ሲሰሙ ሦስት ቀን አኮረፉት። መርዶ ብቻህን ሄደህ፣ ላልበላ ሰው፣ ማን ይነግራል? ማን አሳደገህ ይሉሃል? ከዚያ በኋላ ምንይችል ሥራውን እንደ ወጉ አደረገው። የሚዘጋው ክፍል ያለበት ሰፈር ይሄድና የእድሩን ሽማግሌዎች ይለምናል፤ ጎሕ ሲቀድ አብረውት ሄደው ቁርስ ያስበላሉ፤ ከዚያ ይነገራል። ይህንኑ ለመሥሪያ ቤቱ ጽፎ አንቀጽ ዘጠኝ ሆኖ ጸደቀለት፦ "ውሳኔው ላልበላ ሰው አይነገርም፤ ቢነገርም እንዳልተነገረ ይቆጠራል።" ምንይችል ከዚህ አንቀጽ ሌላ በዓለም ላይ ትቶት የሚሄደው ነገር አልነበረውም፤ ስለዚህ ይኮራበታል።

ሠላሳ ዘጠነኛው የመጨረሻው ነበር። በአገሩ ሁሉ የቀረው የዋሻ አምባ ዩኒቨርሲቲ የዘመናዊ ቋንቋዎች ትምህርት ክፍል ብቻ ነው። መዛኝ ከመቶ አራት ሰጠው። አራቱም የተገኙት በክፍሉ ግቢ ስላለችው ጥላ ያላት ዛፍ ነው ተባለ። ይህን ከዘጋ በኋላ ምንይችል የክፍለ ሀገር መንከራተቱ ያበቃለታል፤ የምሕንድስና ክለሳ ኃላፊ ይሆናል፣ መስኮት ያለው ቢሮ ይሰጠዋል። መስኮቱን ሄዶ አይቶታል። ሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ውሳኔው ተላለፈ፤ ሐሙስ ስድስት ሰዓት ያበቃል። ምንይችል ሰኞ ከሰዓት ዋሻ አምባ ደረሰና እንደ ልማዱ የእድሩን ዳኛ ጠየቀ።

ዳኛው ጋሽ ወንድይራድ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ በነገር የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ነገሩን እስከ ጫፉ ሰሙትና "የሺን ነው የምትላት?" አሉ። ዶክተር የሺመቤትን ነው። አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ይሄ ቁርስ የማስበላቱ ጉዳይ ወግ ብቻ ነው ወይስ ሕግም አለው ብለው ጠየቁ። ምንይችል ደስ ብሎት አንቀጽ ዘጠኝን አነበበላቸው።

"እስቲ ደግመህ አንብብልኝ" አሉ ጋሽ ወንድይራድ።

ደገመላቸው።

"ጥሩ ሕግ ነው። ማን ጻፈው?"

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ።"

"ተባረክ" አሉት።

ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ አምስት ሆነው የዶክተር የሺመቤትን በር አንኳኩ፦ ጋሽ ወንድይራድ፣ ሦስት ሽማግሌዎችና ምንይችል። አንደኛው ሽማግሌ ጨጨብሳ የተሞላ አገልግል ይዘዋል። ከበሩ ራቅ ብሎ የእድሩ መኪና ቆሟል፤ ድንኳኑ ተጣጥፎ ከላዩ ታስሯል፣ ከተነገረ በኋላ የሚተከል ነው። ዶክተር የሺመቤት ከፈቱ። ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ አጠር ብለው ሞላ ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ፣ ሹክ የማያደርጉ ሴት ናቸው። አምስት ወንድ በዚያ ሰዓት በር ላይ ቆሞ ሲታይ የማይገባው የአገሬ ሰው የለም። ሰላም አሏቸው፣ አስገቧቸው፣ አስቀመጧቸው። ጋሽ ወንድይራድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"የሺ፣ ቁርስ በልተሻል?"

ዶክተር የሺመቤት አገልግሉን አዩ፣ በመስኮት የታሰረውን ድንኳን አዩ፣ ምንይችልንም ትንሽ ዘለግ አድርገው አዩት። "አልበላሁም" አሉ። "አልራበኝም።"

ጋሽ ወንድይራድ በጣም ያዘኑ መስለው ወደ ምንይችል ዞሩ። "እንግዲህ አልበላችም። ሳትበላ አይነገራትም፤ ሕግም ነው፣ ወግም ነው" አሉት። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ጨጨብሳው እንዳይቀዘቅዝ ራሳቸው በሉትና ተነሡ። በሹኩ በኩል፣ በምንይችል ጆሮ ውስጥ፣ መዛኝ "ሃምሳ አራት ሰዓት ይቀራል" አለ።

ምንይችል አልደነገጠም። ሰው ስንት ሰዓት ይራባል? ምሳ ላይ ትበላለች ብሎ ተከትሏቸው ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄደ። ዶክተር የሺመቤት ሦስት ሰዓት ላይ ክፍል ነበራቸው። በሩ ላይ አንድ እንቅብ ተቀምጧል፤ ተማሪዎቹ ሲገቡ ሹክን ከጆሯቸው እያወለቁ ይጥሉበታል። ምንይችል ቆም አለ። አውልቋት አያውቅም፤ ሲታጠብም፣ ሲተኛም። "አውልቀው ይግቡ፤ ካልሆነም ከዛፏ ሥር ይጠብቁኝ" አሉት። አወለቀ። ጆሮው ውስጥ ያለው ነፋስ አስፈራው።

ተማሪዎቹ ሰባት ነበሩ፤ የሚማሩት ቻይንኛ ነው። ከድሮዎቹ አሥራ አንድ ቋንቋዎች የተረፈው እሱ ብቻ ነው። ከሰባቱ መካከል ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌርና ከማታ ሥራ የመጣች ነርስ አሉ። ምንይችል፣ ልማድ ሆኖበት፣ ነርሷን ለምን እንደምትማር ጠየቃት። ቻይናውንማ ሹክ ታናግርልኛለች አለችው። "እዚህ የምመጣው ለአንድ ሰዓት ጆሮዬ የራሴ እንዲሆን ነው።" መዛኝ ይህን የሚያሰፍርበት ቦታ በቅጹ ላይ የለውም።

ዶክተር የሺመቤት ሰሌዳው ላይ ጻፉና ጮክ ብለው አነበቡ፦ "ቺ ለ ማ?" የድሮ የቤጂንግ ሰዎች ጧት ጧት ሲገናኙ የሚባባሉት ሰላምታ ነው አሉ። ቃሉ ግን "በልተሃል?" ማለት ነው። የተራበ ሕዝብ ሰላምታ ነው፤ ራቡ አልፎ ሰላምታው ቀረ። ሹክ "እንደምን አደሩ" ብላ ነው የምታደርሰው፤ አልተሳሳተችም። ያልበላ ሰው ደግሞ "ሃይ መይ" ይላል፤ ገና ነኝ ማለት ነው።

ምንይችል ወንበሩ ላይ ቀዝቀዝ አለ። አዲስ አበባ እሱ በሚኖርበት ፎቅ፣ ከበላዩ፣ ሚስተር ሊዩ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየጧቱ ደረጃው ላይ ያገኛቸዋል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ "እንደምን አደሩ" ይሉታል፣ እሱም "እግዚአብሔር ይመስገን" ይላል። ለካ ሰውየው በልተሃል ወይ እያሉት ኖሯል። እናቱ ከሞቱ ወዲህ ያን ጥያቄ የጠየቀኝ የለም ብሎ የሚብሰለሰለው ምንይችል፣ በየቀኑ ሲጠየቅ ኖሮ አልሰማም። ሹፌሩ ወደ እሱ ዞሮ በሻካራ ድምፅ "ቺ ለ ማ?" አለው፤ ምንይችል ሁለት ጊዜ ተሳስቶ በሦስተኛው "ሃይ መይ" አለ። ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበለት።

ሲወጣ ሹኩን አደረገ። መዛኝ ለሃምሳ ደቂቃ ጠፍተሃል ብሎ ገሠጸው፤ ቀጥሎም ሴትዮዋ ስኳር ያለው ሻይ ሲጠጡ በግቢው ካሜራ ማየቱን፣ ስኳር ደግሞ ምግብ መሆኑን አስታወቀ። ምንይችል ነገሩን ለጋሽ ወንድይራድ ወሰደው። ሽማግሌዎቹ ዛፏ ሥር ተቀምጠው ለአንድ ሰዓት ከሩብ ተከራከሩበትና ውሳኔ ሰጡ፦ የተጠጣ አልተበላም። መዛኝ ይግባኝ ጠየቀ። ሽማግሌዎቹ በራሳቸው ላይ ይግባኝ ሰሙና አጸኑት።

ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ ሌላ አገልግል ተያዘ። "ቁርስ በልተሻል?" ዶክተር የሺመቤት ረቡዕ መሆኑን አስታወሱ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቄስ ስለነበሩ ክርክሩ አጭር ሆነ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ምንይችል ሽሮ ይዞ በር ላይ ቆሞ ነበር። የጾመ አፍ ምግብ አልቀበልም አለኝ አሉት። መዛኝ በዚህ ጊዜ ትዕግሥቱ አልቆ በግሉኮስ እንዲመገቡ ሐሳብ አቀረበ፤ ነርሷ መርፌውን ማን እንደሚወጋቸው ጠየቀች፤ ሽማግሌዎቹም በክንድ የገባ አልተበላም ብለው ፈረዱ።

ያን ቀን ከሰዓት ምንይችል ዛፏ ሥር አጠገባቸው ተቀመጠ። ፊታቸው ገርጥቷል። ለአንድ ክፍል ብለው ራስዎን እንዲህ አይጉዱ፣ እንደ እናቴ ነዎት አላቸው። ክብደት መቀነስ ከድሮም አስቤ ነበር አሉና ሳቁ። ቆይተው ግን ሳቁን ተዉት።

"አሥራ አንድ ቋንቋ ነበረን። አሥሩ አንድ በአንድ ሲዘጋ፣ የዩኒቨርሲቲው አለቆች ቁርስ እየጋበዙ እየነገሩኝ፣ ሰምቻለሁ እያልኩ ፈርሜያለሁ። አሥር ጊዜ በልቼ ሰማሁ። ይኸኛውን አልበላም።"

ምንይችል ስለ መስኮቱ ሊያስብ ሞከረ፤ መስኮቱ በሐሳቡ አልመጣ አለው።

ሐሙስ ማለዳ የአገልግሉ የምስር ፍርፍር ከነክዳኑ ተመለሰ። ዶክተር የሺመቤት ግን ወደ ክፍል ከመሄድ አልቀሩም። አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን ጠመኔው ከእጃቸው ወደቀ። ሊያነሡ ጎንበስ ሲሉ ግድግዳውን ያዙ፣ ከዚያ ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። ነርሷ ሮጣ ሄዳ የልብ ምታቸውን ያዘች። ጋሽ ወንድይራድ ከውጭ በጥድፊያ ገቡ፤ እኚያ የማይቸኩሉ ሰው። "የሺ፣ ይበቃል። ይበቃል እህቴ" አሉ።

ምንይችል ሹኩን ሳያወልቅ ነው ዘልሎ የገባው። አገልግሉን ከሽማግሌው እጅ ነጥቆ ከፈተ። ፍርፍሩን በጣቶቹ ሰብሰብ አድርጎ ጠቀለለ፤ ስለ ሰዓት አላሰበም፣ ስለ አንቀጽም አላሰበም። ግንባራቸው ከጠረጴዛ ጋር የተገናኘው ፕሮፌሰር ነበሩ በዓይኑ የዞሩበት። ጉርሻውን አስጠጋ።

"በሞቴ፣ ዶክተር። በሞቴ ይብሉ።"

በሞቴ ተብሎ እምቢ አይባልም። አፋቸውን ከፈቱ።

ሲያኝኩ ደም ወደ ፊታቸው ሲመለስ ይታይ ነበር። መዛኝ በምንይችል ጆሮ "ተመግበዋል። ሃያ ሁለት ደቂቃ ይቀራል። ተናገር" አለ። ያን ጊዜ ነው ምንይችል ምን እንዳደረገ የገባው። ዶክተር የሺመቤትም ገብቷቸዋል። ዋጡ፣ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፣ ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

"እንግዲህ በላሁ። ይንገሩኝ፣ አቶ ምንይችል። እንጀራዎ ነው፣ አልቀየምዎትም።"

ከልባቸው ነበር። ተማሪዎቹ አቀረቀሩ። ሕጉ ራሱ የጻፈው ሕግ ነው፤ ሰዎቹም ራሱ የጠራቸው ምስክሮች ናቸው። ምንይችል ተነሥቶ ቆመ፣ ኮቱን ቆለፈ፣ ሠላሳ ስምንት ጊዜ እንዳደረገው "ዶክተር የሺመቤት" ብሎ ጀመረና አፉን ለቀጣዩ ቃል ከፈተ። በዚያች ቅጽበት የጋሽ ወንድይራድ እጅ ከጎን መጣች። ቡጢ የሚያህል ጉርሻ ነበር የያዘችው።

"አጉርሰህ ሳትጎርስ?" አሉት።

ምንይችል ዓይኑ ፈጠጠ፤ አፉ ሞላ። "አንድ ያጣላል" አለች ነርሷ፣ ሁለተኛውን በጎን በኩል አስገባች። ሹፌሩ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ሦስተኛውን አዘጋጅቶ ይጠብቅ ጀመር።

መዛኝ "ዋጥ" አለው። አሥራ አምስት ደቂቃ ይቀራል፤ ሁለት ጉርሻ ለመዋጥ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ምንይችል ይሄንን ያውቅ ነበር። አፉ ሙሉ ሆኖ መርዶ የሚናገር ባለጌ እንዳልሆነም ያውቃል። ዶክተር የሺመቤትን አየ፤ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ይጠብቁታል። ከዚያ ጣቱን ወደ ጆሮው ሰደደ፣ ሹኩን አወጣ፣ ወደ በሩ ሄዶ እንቅቡ ውስጥ ጣላት፣ ተመልሶ ተቀመጠ። ያኝክ ጀመር። ሰው በዚያ ዓይነት ዝግታ ሲያኝክ ዋሻ አምባ ላይ ታይቶ አይታወቅም፤ አንዲት ምስር ለብቻዋ፣ አንዲት ሽንኩርት ለብቻዋ። አፉ ሊጎድል ሲል ወደ ሹፌሩ ዞረ፤ ሹፌሩ ሦስተኛውን አቀበለው።

የዩኒቨርሲቲው ደወል ስድስት ሰዓት ሲደውል ዋጠ። "ጣፍጦኛል፤ ማነው የሠራው?" አለ።

በድንኳኑ ጉድ ፈላ። በእድሩ ታሪክ ወጥቶ ሳይተከል የተመለሰ ድንኳን የለም፤ የተቀቀለ ንፍሮም ተደፍቶ አያውቅም። ጋሽ ወንድይራድ ዛፏ ሥር አስተከሉትና ሰው ሁሉ ሞተ ላልተባለ ነገር ንፍሮ በላ። ዶክተር የሺመቤት ሁለት ጊዜ ጨመሩ።

ምንይችል አዲስ አበባ ሲመለስ መስኮቱ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ አገኘ። ሹኩን ጧት ጧት ማድረግ ተወ። ደረጃ ላይ ሚስተር ሊዩን ሲያገኝ ግን ሐፍረት እየያዘው፣ በደንብ ሳልለማመድ እያለ፣ አንገቱን ብቻ እየነቀነቀ ያልፋል።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ከፈተ። ጋሽ ወንድይራድ፣ ሦስቱ ሽማግሌዎች፣ ከፊታቸው ዶክተር የሺመቤት። አገልግል ይዘዋል። በመተላለፊያው መስኮት ቁልቁል ሲያይ የእድሩ መኪና ግቢው ውስጥ ቆሟል፤ ድንኳኑ ከላዩ ታስሯል።

ምንይችል እጀታውን እንደያዘ ቀረ። ለማስረዳት ቃል አላስፈለገም። ሰባት ዓመት ሙሉ የሚከለስ የቋንቋ ክፍል ከሌለ ቃል አድራሽ ለምን ያስፈልጋል? መዛኝ ይህን አስቧል፤ ነጥብ ሰጥቷል፤ ወስኗል። ሕጉ ደግሞ ሰው ለሰው በአፉ ይንገር ይላል። በአገሩ የነበረው ቃል አድራሽ ምንይችል ብቻ ነበረ፤ ለራሱ ደግሞ ራሱ አይነግርም። ጧት ጧት ሹክ የማያደርገውን ሰው ያለ ሹክ የሚያናግር መዛኝ ሲፈልግ መዝገቡ ላይ አንዲት ሴት አገኘ፤ ዶክተር የሺመቤትን። አሥራ አንድ ዓመት በር የሚያንኳኳው እሱ ነበር፤ በዚህኛው በኩል ቆሞ አያውቅም ነበር።

ዶክተር የሺመቤት ፊታቸው ኮስተር ብሏል፤ ዓይናቸው ግን እንደዚያ አልነበረም።

"ቺ ለ ማ?" አሉት።

የጨጨብሳው ቅቤ ሸተተው። ማታም ራቱን በቅጡ አልበላም ነበር፤ አንጀቱ ጮኸ፤ አምስቱም ሰሙት። ምንይችል የበሩን እጀታ ለቀቀ።

"ሃይ መይ" አለ።

ጋሽ ወንድይራድ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። አልበላም፣ ሳይበላ አይነገረውም አሉ፤ ከታች ብርድ ልብስና ወንበር እንዲመጣ አዘዙ። ሦስት ቀን ነው፤ ሦስት ቀን ምን አላት? ገብተው ሳይቀመጡ ግን ከላይ የእግር ኮቴ መጣ። ሚስተር ሊዩ ናቸው፣ እንደ ወትሯቸው። የተሰበሰበውን ሰው አይተው ፈገግ አሉና ለምንይችል ያንኑ የአሥራ አንድ ዓመት ጥያቄ ጠየቁት። ምንይችል ደግሞ ምላሱ ተፈትታ ነበርና፣ ሳያስበው፣ ጥርት አድርጎ፣ "ሃይ መይ" አላቸው።

ሚስተር ሊዩ ደረጃው ላይ ደርቀው ቀሩ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። አሥራ አንድ ዓመት ጠይቀው ዛሬ ተመለሰላቸው፤ ልጁ አልበላም! በዚያ ዕድሜያቸው ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለሉ ወጡ፤ ወዲያው እንፋሎቱ የሚንቦለቦል ሳህን ይዘው ወረዱ፤ ሥጋ የተጠቀለለበት ሊጥ ነው። በሁለት ቀጫጭን እንጨት አንዱን አንሥተው ወደ ምንይችል አፍ አስጠጉ። ምንይችል አፉን ግጥም አድርጎ ዘጋ፤ በዓይኑ ዶክተር የሺመቤትን ለመነ።

ጋሽ ወንድይራድ ነገሩን መዘኑት። ጎረቤት ያጎረሰውን እምቢ ማለት ነውር ነው፤ ልጁ ከበላ ደግሞ ሊነገረው ነው። ቀደም አሉና ረጅም አንገታቸውን አስግገው ጉርሻውን በምንይችል ፋንታ ራሳቸው ተቀበሉ። አኝከው ዋጡ፤ ሹክን ከጆሯቸው አውጥተው ኪሳቸው ከተቱ፤ ከዚያ ለሚስተር ሊዩ በአማርኛ፣ ረጋ ብለው፣ ሁለት ጣታቸውን እያሳዩ፣ "አንድ ያጣላል" አሏቸው።